ቁማር ቤቱ ከጨዋታው ወጣ፤ ጨዋታው ቁማር ቤት ገባ

«አገሩ በስንት ጉዳይ ተወጥሮ አንተ ስለ ልጆች ጨዋታ ትጽፋለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ። የማነሳው የገንዘብና የሕግ ጉዳይ ነው፤ ማስረጃው ግን የተቀመጠው አንድ አሮጌ የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ነው።

ጨዋታው ፖክሞን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት እትሞች፣ ቀይና አረንጓዴ፣ ለኔንቲንዶ ጌም ቦይ በጃፓን የወጡት ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1996 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። አሜሪካ በ1998 ቀይና ሰማያዊ ተብለው ገቡ። ሐሳቡን ያመነጨው ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ ቶኪዮ ዳርቻ ነፍሳት እየለቀመ ያደገ ሰው ነው። ጨዋታውም ያንኑ ይመስላል። አንድ ልጅ ከትንሽ መንደር ይነሳል። ከሦስት ፍጡራን አንዱን ይመርጣል። ሣር ለሣር እየሄደ ሌሎችን ይይዛል፣ ያሠለጥናል። በስምንት ከተሞች ስምንት አለቆችን አሸንፎ ስምንት ባጅ ይሰበስባል። በመጨረሻ ከአገሪቱ አንደኞች ጋር ይገጥማል።

ክርክሬን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ያ ጨዋታ ዕድገትን በገንዘብ አልሸጠም። ዛሬ በስሙ በስልክ ላይ የሚነግዱት ግን ይሸጣሉ። የሚሸጡት ደግሞ ዕድገት እንኳ አይደለም፤ ዕጣ ነው። ለልጅ ዕጣ መሸጥ በሕግ መከልከል አለበት።

አሮጌው ጨዋታ ገንዘብን እንዴት እንደሚያይ ለማወቅ አንድ ብስክሌት ይበቃል። ሴሩሊያን የምትባል ከተማ ውስጥ የብስክሌት ሱቅ አለ። ዋጋው 1,000,000 ነው። የተጫዋቹ ቦርሳ መያዝ የሚችለው ትልቁ ገንዘብ ደግሞ 999,999 ነው። አንዲት ሳንቲም ሁልጊዜ ትጎድላለች! ዓመት ሙሉ ብታጠራቅም አትገዛውም። ብስክሌቱ የሚገኘው ወደቧ ከተማ ቨርሚሊየን ዘልቀህ፣ የፖክሞን ወዳጆች ማኅበርን ሊቀ መንበር ስታገኝ ነው። ሰውየው ስለሚወደው ፍጡር ማውራት ይጀምራል፤ ማብቂያ የለውም። ሳታቋርጥ ከሰማኸው ብስክሌቱን በነጻ የሚያሰጥ ኩፖን ይሰጥሃል። ሚሊዮን የማይገዛውን አዋቂን ማዳመጥ ያስገኛል።

ሁለተኛው ማስረጃ ስለ ተውሶ ጉልበት ነው። ጌም ቦይን ከጌም ቦይ ጋር በኬብል አገናኝቶ ከጓደኛ ፍጡር መቀበል ይቻላል። ታዲያ አንዱ ብልጥ ከጓደኛው እጅግ የጠነከረ ፍጡር ተቀብሎ መንገዱን ሊያሳጥር ቢሞክር ምን ይሆናል? ፍጡሩ አይታዘዘውም። ምታ ሲለው ያንቀላፋል፣ ፊቱን ያዞራል። ሁለተኛው ባጅ እስከ ደረጃ 30 ያሉትን፣ አራተኛው እስከ 50፣ ስድስተኛው እስከ 70 ያሉትን እንዲታዘዙ ያደርጋል። ሁሉም የሚታዘዙት ስምንተኛው ባጅ ሲገኝ ነው። ጉልበቱን መዋስ ይቻላል፤ ሥልጣኑን ግን መሥራት ያስፈልጋል። ይህን በስንት ስብሰባ ልናስተምረው ደክመናል!

ሦስተኛው ዓሣው ነው። ጉዞው ገና እንደተጀመረ አንድ ደላላ ቢጤ ማጂካርፕ የሚባል ዓሣ በ500 ይሸጥልሃል፤ ገንዘብ አይመለስም። ዓሣው ከመንቦጫረቅ በቀር ምንም አያውቅም። ተታለልክ። ነገር ግን ሳትጥለው፣ ሳትሰለች እስከ ደረጃ 20 ካደረስከው ጋያራዶስ ወደሚባል አስፈሪ አውሬ ይለወጣል። ልዩነቱ የአንተ ትዕግሥት ነው፤ ተጨማሪ ክፍያ የለበትም።

ጨዋታው ግን የዋህ አይደለም፤ ዓለም በምን እንደምትሠራ ያውቃል። ወደ ሳፍሮን ከተማ የሚያስገቡት በሮች ላይ የቆሙት ጥበቃዎች ጠማን ብለው አያሳልፉም፤ የሚጠጣ ስትሰጣቸው ይከፍታሉ። በ2004 በታደሰው እትም የሚጠጣው ነገር ሻይ ሆኗል። የሻይን ነገር ለእናንተ ማብራራት ድፍረት ነው።

ዋናው ግን ሴላዶን ከተማ ያለው ቁማር ቤት ነው። ሳንቲም ገዝተህ የቁማር ማሽን ትጎትታለህ፤ ብዙ ካገኘህ ሌላ ቦታ የማይገኝ ፍጡር ትወስዳለህ። አንድ ሰው ከግድግዳ ፖስተር ፊት ተገትሮ ይጠብቃል። አሸንፈህ ፖስተሩን ስትነካ ከኋላው ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ ስትጫነው ወደ ምድር ቤት የሚወስድ ደረጃ ይከፈታል። ምድር ቤቱ ሮኬት ቡድን የተባለው የወንበዴዎች ማኅበር ዋሻ ነው። አለቃቸው ጆቫኒ ይባላል። ቆይተህ ስምንተኛውን ባጅ ልትወስድ የመጨረሻው ጂም ስትገባ ማን ተቀምጦ ታገኛለህ? ያው ጆቫኒ! ወንበዴውም፣ የማዕረግ ሰጪውም፣ ከቁማር ቤቱ በታች ያለው ጌታም አንድ ሰው ነው።

ልብ በሉ፤ ይህን ለልጆች የነገረው የ1996 ጨዋታ ነው። ቁማር ቤት አሳየ፣ ግን ወለሉን አንስቶ ከሥር ማን እንዳለም አሳየ። ሳንቲሙም የጨዋታ ገንዘብ ነበር፤ ከወላጅ ኪስ አምስት ሳንቲም አይወጣም ነበር።

ከዚያ ምን ተደረገ? በየአገሩ የልጆች ጨዋታ ውስጥ ቁማር ማሳየት ላይ ደንቡ እየጠበቀ ሄደ። ሃርትጎልድና ሶልሲልቨር የተባሉት እትሞች በ2010 ከጃፓን ውጭ ሲወጡ የቁማር ማሽኑ ተነስቶ በሌላ ጨዋታ ተተካ። ከዚያ በኋላ በመጡት አዳዲስ ጨዋታዎች ቁማር ቤቱ ጠፋ። ጎሽ ልንል እንችል ነበር። ግን የጠፋው ሥዕሉ ነው። የውሸት ሳንቲም ያለበት የውሸት ማሽን ከልጆች ዓይን ተሰወረ፤ በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛ እውነተኛ ዕጣ በስልክ ገባ።

ፖክሞን ጎ በጁላይ 2016 ወጣ። ማውረዱ ነጻ ነው። እንቁላል ታገኛለህ፤ በእግርህ ስትሄድ ይፈለፈላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ጃፓኖቹና አሜሪካኖቹ የሰሙት ይመስላል፤ ከዚያ ግን ማስፈልፈያውን ሸቀጥ አደረጉት። የማያልቀው ማስፈልፈያ አንድ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ጥቂት ጊዜ ሠርተው ይሰበራሉ፣ በሳንቲም ይገዛሉ። ሳንቲሙን በጨዋታው ውስጥ በቀን እስከ 50 ድረስ ማግኘት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ በገንዘብ ነው። ከየትኛው እንቁላል ምን እንደሚወጣ ከፍለህም አታውቅም። በ2023 ደግሞ ከቤት ሆኖ ከሌሎች ጋር ለመዋጋት የሚያስፈልገው አንድ ትኬት ከ100 ሳንቲም ወደ 195 ዘለለ። ተጫዋቹ ጮኸ፤ ዋጋው ግን ተፈጻሚ ሆነ።

በ2025 ፖክሞን ጎን ጨምሮ የናያንቲክ ጨዋታዎች በ3.5 ቢሊዮን ዶላር ስኮፕሊ ለሚባል ድርጅት ተሸጡ። የስኮፕሊ ባለቤት ሳቪ ነው፤ የሳቪ ባለቤት የሳዑዲ አረቢያ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በነጻ የሚወርዱ ጨዋታዎችን በ3.5 ቢሊዮን የሚገዛ ሰው ምን አይቶ ነው?

በኦክቶበር 2024 የወጣው የካርድ ጨዋታ፣ ፖክሞን ፖኬት፣ ደግሞ ነገሩን ገላልጦታል። በቀን ሁለት የካርድ እሽግ በነጻ ትከፍታለህ። እሽጎቹ ፊትህ ይሽከረከራሉ፣ አንዱን ትመርጣለህ፣ በጣትህ ትቀደዋለህ፤ አምስት ካርድ ይወጣል። ሌላ መክፈት ካማረህ ሰዓቱ እስኪደርስ ጠብቅ፤ ካልሆነ ወርቅ በገንዘብህ ግዛና ጥበቃውን አሳጥር። በአሮጌው ጨዋታ መንገዱ ራሱ ጨዋታው ነበር። እዚህ መንገዱ እንቅፋት ተደርጎ ተሠርቶ፣ ማንሻው ይሸጣል።

የነገሩ አሠራር ይህ ነው። የ1996ቱ ነጋዴ ዋጋውን አንዴ ተቀብሎ ሄዷል። ተጫዋቹ ዋሻ ውስጥ ቢጠፋ፣ አለቃው ቢያሸንፈው፣ ለነጋዴው የሚገባለት ሳንቲም የለም። የዛሬው ነጋዴ ግን ሱቁን የከፈተው ተጫዋቹ የሚሰለችበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ መሰልቸቱ ገቢው ነው። ገቢው የሆነውን ነገር ደግሞ ማንም ነጋዴ አይቀንስም፤ ያመርተዋል። የልጅን ትዕግሥት ለእንዲህ ዓይነት ነጋዴ አደራ መስጠት ሥጋን ለጅብ አደራ ማለት ነው።

ተቃዋሚዎቼ የሚሉትን አውቃለሁ፤ ሦስቱን ልመልስ።

«አሮጌውስ ሁለት እትም ያወጣው ሁለት ጊዜ ሊሸጥ አይደል?» ልክ ነው፤ ንግድ ነበር። በቀዩ ያሉ አንዳንድ ፍጡራን በሰማያዊው አይገኙም። አራት ፍጡራን ደግሞ ከሰው ጋር ካልተለዋወጡ የመጨረሻ መልካቸው ላይ አይደርሱም። ግን መውጫው ጓደኛ ነበር፤ ኬብል ይዞ አጠገብህ የሚቀመጥ ጓደኛ። ዋጋውም ሣጥኑ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ወላጅ ሲገዛ መጨረሻውን ያውቃል።

«ዕድል ድሮም ነበር፤ ኳስ ወርውረህ ትስታለህ።» አዎ። በዕድል ላይ ጠብ የለኝም፤ ካርታ ስንጫወትም ዕድል አለ። ጠቤ ዕድልና የወላጅ ካርድ በአንድ ቁልፍ ሲታሰሩ ነው። ያኔ ስትስት የምትከስረው የጨዋታ ኳስ ነበር። ዛሬ በከፈልክበት ዕጣ ስትስት አንዱ ያተርፋል።

ሦስተኛው ከበድ ይላል፦ «ጌም ቦይ መግዛት የማይችል የድሃ ልጅ ዛሬ በነጻ ይጫወታል።» እውነትነት አለው። ነገር ግን ነጻ ከሆነ ማን ነው የሚከፍለው? ማቆም ያቃተው ነው። የጨዋታ ካሴቱ ዋጋ ውድ ቢሆንም ጣሪያ ነበረው፤ ይህኛው ጣሪያ የለውም። ለብዙኃኑ ነጻ የሚሆነው ከጥቂቶች ያለ ልክ ስለሚወሰድ ነው፤ ከእነዚያ ጥቂቶች መካከል ልጆች አሉ። ይህን ቸርነት ብለን አንጥራው። ዋናዎቹ የፖክሞን ጨዋታዎች ዛሬም በአንድ ዋጋ እየተሸጡ ሚሊዮኖች ይገዟቸዋል፤ ስለዚህ ሌላ መንገድ የለም የሚለውም አያስኬድም።

ሕግ ይሠራል ወይ? ሠርቷል። የፖክሞን አገር ጃፓን ራሷ በሜይ 2012 የተወሰኑ የዕጣ ውጤቶችን አሟልቶ ለሰበሰበ ትልቅ ሽልማት የሚሰጠውን ዓይነት ዕጣ በሸማቾች ጉዳይ ኤጀንሲዋ በኩል ሕገ ወጥ ብላለች። የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን በ2018 በጨዋታ ውስጥ በገንዘብ የሚገዙ የዕድል ሳጥኖች ቁማር ናቸው አለ። በቀጣዩ ዓመት ኔንቲንዶ ሁለት የስልክ ጨዋታዎቹን ከቤልጂየም አነሳ። ዕጣውን አውጥቶ ጨዋታውን መተው ይችል ነበር፤ ጨዋታውን ራሱን ማንሳት መረጠ። ከዚህ በላይ የእምነት ቃል የት ይገኛል?

እኛን ምን አገባን? ዋሽንግተን፣ ስቶክሆልም፣ ቴል አቪቭ ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ የባንክ ካርዳችሁ ልጃችሁ የሚይዘው ስልክ ውስጥ ነው። አገር ቤት ያለን ደግሞ በየሰፈሩ ስለ ተከፈቱት የስፖርት ውርርድ ቤቶች ስንከራከር ዓመታት አልፈዋል። የምንከራከረው ግን ስለ በሩ ነው፤ የት ይከፈት፣ ማን ይግባ። ስልክ ውስጥ ያለው ቁማር ቤት በር የለውም፤ ቀለሙም የሕፃን ነው። በስልክ መክፈል እየቀለለ በሄደ ቁጥር ይህ ነገር በራችን ላይ ነው፤ ሕጉን ከወዲሁ ማሰብ ይሻላል።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በልጅ ስም በተከፈተ መለያ የሚከፈልበት ዕጣ ይከልከል። ሁለተኛ፣ ዋጋ በሳንቲምና በወርቅ ሳይሆን በብርና በዶላር ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ለአንድ ሰው የወር ወጪ ጣሪያ ይበጅለት፤ ቦርሳው 999,999 ላይ እንደቆመው ሁሉ።

ወላጆች ሕጉን መጠበቅ የለባችሁም። ልጁን «ስንት ሰዓት ተጫወትክ?» ብላችሁ አትጠይቁት። «ያቺን ቦታ እንዴት አለፍካት?» በሉት። «ሌላ ፍጡር አሠለጠንኩ፣ ጓደኛዬ ረዳኝ፣ አሥር ጊዜ ተሸንፌ ገባኝ» ካለ ተዉት፤ ይጫወት። «ገዛሁት» ካለ ስልኩን ተቀበሉትና ከፖስተሩ ኋላ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ፈልጉ።

የማትስማሙ ጻፉልኝ። የተስማማችሁ ልጅ ላለው ወዳጃችሁ አካፍሉ።