የተጣላነው በምንድን ነው?

ባልና ሚስት የማይጋጩበት ቤት የለም። በደብረ ብርሃን ዙሪያም በአንኮበርም፣ በደጋውም በቆላውም ያው ነው። ጠብ መነሣቱ አያስደነግጥም። የሚያስፈራው ጠቡ የተነሣበት ነገር ሲጠፋ ነው። እንዴት ይጠፋል? እስቲ እንዲህ እናስብ።

ባል አንዲት እናት በግ ገበያ ወስዶ ሸጠ። ለሚስቱ አልነገራትም። እሷ ደግሞ ያችን በግ ለልጆቹ ደብተርና ልብስ አስባት ነበር። ወሬውን ከጎረቤት ሰማች። ማታ ባል ሲገባ፣ «አንተ እኮ ድሮም ለቤትህ አታስብም!» አለችው። እሱም፣ «የእናትሽ ልጅ! ምላስሽ አያርፍ!» አላት።

አሁን በጓ ተረሳች። ጠቡ በእናት ስም ሆነ። ከዚያ ኩርፊያ መጣ። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። እሷ እራቱን አስቀምጣ ትሄዳለች። ልጅ በመሐል መልእክተኛ ይሆናል። «አባትህን ጨው አልቋል በለው» ትላለች፤ አባትየው እኮ እዚያው ተቀምጧል!

ደህና ሽማግሌ ይህን ያውቃል። መጀመሪያ ሁለቱን ለየብቻ ያነጋግራል። ኋላ ፊት ለፊት ያስቀምጣቸዋል። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ስድቡን አሳልፎ ወደ በጓ ይመልሳቸዋል። «በስንት ሸጥካት? ብሩስ ምን ላይ ዋለ? አንቺስ ለምን ፈልገሻት ነበር?» እነዚህ ጥያቄዎች መልስ አላቸው። «የእናትሽ ልጅ» ለሚለው ግን ምን መልስ አለው?

ሽማግሌ እስኪመጣ መጠበቅም የግድ አይደለም። «ለቤትህ አታስብም» ከማለት፣ «ሳትነግረኝ በመሸጥህ ከፋኝ» ማለት ይቻላል። ቁጣ የያዘው ሰው ወጣ ብሎ ከብቶቹን አይቶ ይመለስ። ሲመለስ ግን ይናገር እንጂ አይተኛ።

ሽማግሌም ይሳሳታል። «ሴት ቻይ ናት» እያለ ሚስትን ብቻ ዝም የሚያሰኝ አለ። ይህን እኛ እርቅ አንለውም። ዱላ ከተነሣ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ የትዳር ጓደኛውን አካል ወይም ጤና የሚጎዳውን ሰው ይቀጣል። የተጎዳ ሰው ለፖሊስ ማመልከት ይችላል።

ትዳሩ አልሆን ካለስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የባልና የሚስትን ጠብ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። ማፋታትም ይችሉ ነበር። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ወጣ። በዚህ ሕግ ሽማግሌ ያስታርቃል፤ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ባልና ሚስት ተስማምተው የፍቺ ውል ቢጽፉም፣ ውሉ ፍርድ ቤት ቀርቦ መጽደቅ አለበት። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣ ዱሮ ዝም ብለን ጣታችንን እናትም ነበር። አሁን ራሳችን እናንብበው። በሬው ለማን፣ በጎቹ ለማን፣ ልጆቹስ ከማን ጋር እንደሚቆዩ ተጽፎ እንደሆነ ሳናይ አንፈርም።