የተለየችው ሲኒ

ባለፈው ጥር እናቴ የሳንባ ነቀርሳ እንዳለባት በአክታ ምርመራ በተረጋገጠ ጊዜ፥ በቤታችን ከሁሉ አስቀድሞ የተደረገው ነገር መድኃኒት መጀመር ሳይሆን የቡና ሲኒዋን መለየት ነበረ፤ ይህንንም ያደረገው ፊደል ያልቈጠረ ዘመድ ወይም ፈሪ ጎረቤት ሳይሆን እኔው ራሴ ነበርሁ። ሮበርት ኮክ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም የዚህን ደዌ ተህዋሲ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1882 ዓ.ም. በበርሊን ለዓለም እንዳስታወቀ አንብቤ፥ ደዌውም በሳልና በትንፋሽ እንጂ በሲኒና በማንኪያ እንደማይተላለፍ ጠንቅቄ እያወቅሁ፥ ጠርዟ የተሸረፈውን ሲኒ ከረከቦቱ አንሥቼ በመስኮቱ ደፍ ላይ ለብቻዋ አኖርኋት። መስኮቱን ግን፥ አየር እንዲመላለስ መክፈት ሲገባኝ፥ ብርድ እንዳይመታት ብዬ ዘጋሁት።

ሕክምናው 6 ወር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት፥ በቀሩት 4 ወራት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይዋጣል። ከእነዚህ አንዱ፥ ሪፋምፒሲን የሚሉት፥ ሽንትን ያቀላልና እናቴ ደም መስሏት «ኩላሊቴም ሄደ በሉኝ» ብላ ያለቀሰችበትን ማለዳ አልረሳውም። ዐቢይ ጾም በገባ ጊዜም ወተትና እንቁላል አልቀምስም ብላ ስላስቸገረችን የንስሐ አባታችን መጥተው፥ ፍትሐ ነገሥት ሕሙማንን ከጾም ግዴታ እንደሚፈታ አስረድተው ገዘቷት፤ እርሷም ታዘዘች፤ ነገር ግን ወተቱን የምትጠጣው ነጠላዋን ተከናንባ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ነበር፤ ምክንያቱንም ብጠይቃት «የምትጾሙት እንዳትሰናከሉብኝ ነው» አለችኝ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብርቱካን ይዞ «እግዜር ይማርሽ» የሚለው ጠያቂ ቤቱን ሞላው፤ ሳሉ በጠፋ ጊዜ ጠያቂውም አብሮ ጠፋ። እንደ እኔ አሳብ ግን ሰው የሚያስፈልገው በዚያን ጊዜ ነበር፤ ሕመምተኛው ዳንሁ ብሎ መድኃኒቱን የሚያቋርጠው፥ ተህዋሲውም መድኃኒቱን የሚለምደው ያን ጊዜ ነውና። እናቴም በአራተኛው ወር «ከእንግዲህ ይህ ኪኒን ምን ይረባኛል?» ማለት ጀምራ፥ በየማለዳው ከፊቷ ተቀምጠን እስክትውጥ መጠበቅ ግድ ሆነብን። ነርሷ፥ መድኃኒቱ በአግባቡ ከተወሰደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የመተላለፉ ነገር እንደሚቀር አስቀድማ ነግራን ነበር፤ ቢሆንም ሲኒዋን ወደ ቦታዋ ለመመለስ ከእኛ መካከል እጁን የዘረጋ አልነበረም።

በሐምሌ የመጨረሻው የአክታ ምርመራ ንጹሕ መሆኑ ተነገረን። በዚያው ቀን ቡና ሲፈላ ያቺን ሲኒ አጥቤ ከሌሎቹ ጋር በረከቦቱ ደረደርኋት፤ እናቴ ግን ከመካከላቸው በጣቷ ለይታ አወጣቻት፤ «ይህችስ የኔ ናት፤ ለምጃታለሁ» ብላ ቡናዋን ጠጥታ ስታበቃ ወደ መስኮቱ ደፍ መለሰቻት። ምን ብዬ ልከልክላት? ይህን በምጽፍበት ሳምንትም እዚያው ናት።