ፓምፑን ቀይሩ፣ ግን አታቃጥሉን!

መቼም ስለ ቮልስ ሲወራ ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባት መኪና መሆኗን ሳያነሳ የሚያልፍ የለም። እኛም አነሳን፣ አለፍን። የዛሬ ጉዳያችን ቤንዚን ፓምፕ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ተማሪዎች ሳለን፣ በጓደኛችን አባት ቮልስ ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር ስንመለስ ዳገት ላይ ቀጥ አለች። ባትሪው ደህና፣ ካንዴላው ደህና፣ ታንኩ ውስጥም ቤንዚን ሞልቷል። አንድ መንገደኛ ሹፌር ወርዶ እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ጣል አደረገ፤ ትንሽ ቆይታ ተነሳች። እኛ ምትሃት መስሎን ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው፦ የቮልስ ታንክ ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ ነው። ሞተሩ ላይ የተቀመጠው ፓምፕ ቤንዚኑን በዚያ ሁሉ ቱቦ ይስባል። ሲስብ ቱቦው ውስጥ ግፊት ይቀንሳል፤ ሞተሩ ግሏል፤ በዚያ ላይ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ስስ ነው። ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። ፓምፑ ደግሞ እንፋሎት ሲገባበት ይለግማል።

ታንኩ አጠገብ ሆኖ የሚገፋ ኤሌክትሪክ ፓምፕ ይኼን ያቃልላል። ይኼን ስንል «ኦሪጅናሉን አታበላሹ!» የሚሉ አሉ። ወገን፣ ዳገት ላይ የቆመ ኦሪጅናል ለማን ይበጃል? ጋፋት እኮ እዚያው ደብረ ታቦር አጠገብ ናት፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩባት። በዚያ አገር ብረት አይነካም ማለት ያስቃል።

እኛን ያናደደን ግን «ሁለት ሽቦ ነው፣ ጣጣ የለውም» ባዩ ነው። አባትየው ፓምፑን ያስቀየሩበት ጋራዥ ከኢንጀክሽን መኪና የተነቀለ ፓምፕ ገጥሞ ሽቦውን በቀጥታ ከቁልፉ ጋር አገናኘው። ቤንዚን ይሸታል ስንለው «ይለመዳል» አለን። ይለመዳል! የቮልስ ካርቡሬተር የሚፈልገው 3 ፒኤስአይ ገደማ ነው፤ የኢንጀክሽኑ ፓምፕ ከ40 በላይ ሊገፋ ይችላል። ቤንዚኑ የካርቡሬተሩን መርፌ ጥሶ የጋለ ሞተር ላይ ይፈሳል። የድሮው ፓምፕ ሞተሩ ሲጠፋ አብሮ ይቆማል። በቀጥታ የተገጠመው ኤሌክትሪክ ፓምፕ ግን ቁልፉ እስካልተዘጋ ድረስ ይገፋል፤ መኪናው ተገልብጦ፣ ቱቦው ተበጥሶ፣ ሹፌሩ ራሱን ስቶም ቢሆን።

በጥር 2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ አሮጌዎቹን እየጠገንን መኖራችን ነው። ታዲያ ለካርቡሬተር የተሠራ ፓምፕ፣ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ የዘይት ግፊት ሲጠፋ ፓምፑን የሚቆርጥ ስዊች ማስገጠም ቅንጦት አይደለም። ቮልሷ የ6 ቮልት ትሁን የ12 ማየትም የኤሌትራውቶው ሥራ ነው፣ ገንዘባችሁን ተቀብሏል!

እስቲ ዛሬ ማታ ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን ግን አታስነሱ። ፓምፑ ዝም ካለ፣ ወይም ጥቂት ጮሆ ካቆመ፣ ሂዱና ተኙ። ማጉረምረሙን ከቀጠለ ቁልፉን ዝጉና ነገ ጠዋት መቁረጫው የት አለ ብላችሁ ጠይቁ።