«ተረክቤአለሁ» ከማለት በፊት ይጻፍ

ከጎብዬ ማሽላ ጭኖ ወደ ወልድያ የወጣ ሾፌር ደረሰኙን ሳይቀበል ከመጋዘኑ ደጃፍ አይመለስም፡፡ መጋዘን ጠባቂውም ኩንታሉ ተቆጥሮ ሳይገባ ፊርማውን አያኖርም፡፡ ንግዳችን የቆመው በዚህ እምነት ነው፡፡

ዛሬ የዋጋ ማስታወቂያውና የግዥው ትእዛዝ በኢሜይል ይላካል፡፡ ሰርቨሩም ደብዳቤ ሲረከብ «250» የሚል ቁጥር ይመልሳል፤ ትርጓሜውም «ተረክቤአለሁ» ማለት ነው፡፡ ይህ ቁጥር ጆን ፖስተል በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. ባዘጋጀው የኢሜይል ደንብ ውስጥ ይገኛል፡፡ በ2008 የታደሰው ደንብ ደግሞ፣ ይህን መልስ የሰጠ ሰርቨር ኃላፊነቱን እንደ ወሰደና ኮምፒዩተሩ በድንገት ቢቆም እንኳ ደብዳቤውን ሊያጠፋ እንደማይገባው ይደነግጋል፡፡

ነገር ግን ፊርማው የሚሰጠው ደብዳቤው የት ሳለ ነው? ኮምፒዩተር ለፍጥነት ሲል ጽሑፉን በቅድሚያ በሚሞሪው ያቆየዋል፤ መብራት የጠፋ እንደ ሆነ በዚያ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል፡፡ ስለዚህ የታመነ ሰርቨር ደብዳቤውን በወረፋ መዝገቡ ይጽፋል፤ «ኤፍሲንክ» በተባለው ትእዛዝም በዲስኩ ላይ እስኪሰፍር ድረስ ይጠብቃል፤ «250» የሚለው ከዚያ ወዲያ ብቻ ነው፡፡ ቪትሴ ቬኔማ የደረሰው ፖስትፊክስ የሚሠራው በዚህ ሥርዓት ነው፡፡ መብራቱ ከመልሱ በፊት ቢጠፋ ደብዳቤው ገና በላኪው እጅ ስላለ እንደገና ይላካል፡፡ ምናልባት አንዱ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ይደርስ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ሁለት ጊዜ የደረሰ ትእዛዝ በአንድ ስልክ ይታረማል፤ ጠፍቶ የቀረውን ግን የሚጠይቀው የለም፡፡

ይህንንም በራሳችን ቤት አይተነዋል፡፡ አንድ የዋጋ ደብዳቤ በእኛ ዘንድ እንደ ተላከ ተመዝግቦ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ደብዳቤውም ከገዢው ሳይደርስ ቀረ፡፡ ገዢውም ዝምታችንን እንደ እምቢታ ቆጥሮ ከሌላ ነጋዴ ገዛ፡፡ በኋላ እንደ ተረዳነው ሰርቨሩን ያቆመልን ባለሙያ ለፍጥነት ብሎ ያን ትእዛዝ ዘግቶት ኖሯል፡፡

በእርግጥ ዲስክን መጠበቅ ጊዜ ይወስዳል፤ በሰዓት እልፍ ደብዳቤ ለሚያስተናግድ ድርጅት ይህ ቀላል ወጪ አይደለም፡፡ በቀን ጥቂት ደብዳቤ ለሚልክ ነጋዴ ግን የሚጎድልበት ከሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ነው፡፡ ለዚህች ትርፍ ሲባል ሳይረከቡ መፈረም የሚገባ አይደለም፡፡

ስለዚህ ክቡራን ነጋዴዎች ባለሙያቸውን ሁለት ነገር ይጠይቁ፡፡ አንደኛ፣ ሰርቨሩ «ተረክቤአለሁ» የሚለው በዲስክ ከጻፈ በኋላ ነውን? ሁለተኛ፣ ዲስኩ ራሱ ጽሑፉን በራሱ ጊዜያዊ ማቆያ ይዞ ሳለ «ጽፌአለሁ» ይላልን? የሚል ከሆነ ያ ማቆያ ይዘጋ፤ አለዚያም በባትሪ የሚጠበቅ ይሁን፡፡ የንግድ ምክር ቤታችንም አባላቱ ይህን በውላቸው እንዲያስገቡ ቢመክር መልካም ነው፡፡ መብራቱ በየጊዜው በሚቋረጥበት አገር የነጋዴ ቃል በሚሞሪ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ማደር የለበትም፡፡