ሚዜው ያልመጣበት ሠርግ

አውሮፓ ውስጥ የሚደረግ የሐበሻ ሠርግ ቅዳሜ አይጀምርም። ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ፣ ከዱባይ፣ ከለንደን የሚመጣው ጓደኛ ሁሉ አንድ ከተማ ላይ ይገናኝና በእግሩ ይዞራል። ለብዙዎቻችን ከሠርጉ ይልቅ ትዝታ ሆኖ የሚቀረው ይሄ ዙረት ነው። በሠርጉ ዕለትማ ሙሽራውን እንደ ልቡ የሚያገኘው ቪዲዮ አንሺው ብቻ ነው።

እኛ የተገናኘነው ሮም ላይ ነበር። ሠርጉ እዚያ አይደለም፣ ሌላ ሀገር ነው፤ ሮም ግን ለሁላችንም በረራው ተመቸ። ሰባት እንሆናለን ብለን ስድስት ሆንን። አንደኛ ሚዜው አዲስ አበባ ቀረ። ቪዛ ተከልክሎ አይደለም። ፓስፖርቱ አንድ ኤምባሲ ውስጥ ነበር፤ በጠየቀ ቁጥር የሚሰጠው መልስ «በሂደት ላይ ነው» የሚል ብቻ ነው። ሠርጉ ደርሶ አለፈ፤ ሂደቱ አላለቀም።

ይህን ነገር የከነከነ ያደረገብኝ ከተማዋ ራሷ ናት። ሮም የእኛን ስም ከራሷ ልጆች እኩል ታውቀዋለች። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ ራስ አሉላ እ.ኤ.አ. ጥር 1887 ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። እዚያ ሻንጣውን ይዞ ዘመድ የሚጠብቅ ሐበሻ ብዙ ነው፣ የስሙን ምክንያት የሚያውቀው ግን ጥቂት ይመስለኛል። ከላተራኖ አጠገብ ደግሞ የአምባ አራዳም ጎዳና አለ። የካቲት 1928 ዓ.ም. የራስ ሙሉጌታ ጦር በአውሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጋዝ የተፈጀበት ተራራ ነው። ጣሊያኖች ከዚሁ ስም «አምባራዳን» የሚል ቃል አውጥተዋል፤ ትርጉሙ ዝብርቅርቅ፣ ትርምስምስ ማለት ነው። የልጇን ክፍል አይታ «ይሄ ምን አምባራዳን ነው?» የምትል የሮም እናት ስለ ተራራው ላታውቅ ትችላለች። ከከተማዋ በስተሰሜን የኢትዮጵያ ጎዳና እና የኤርትራ ጎዳናም አሉ።

ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ስንደርስ ግን ሁላችንም ዝም አልን። የአክሱም ሐውልት ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆመው እዚያ፣ ዛሬ ፋኦ ያለበት ሕንፃ ፊት ነበር። ጣሊያን የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ በ1947 የሰላም ውል ፈርማለች። ሐውልቱ አክሱም የገባው በ2005 ነው። እስቲ አስቡት፣ ያ 18 ወር 58 ዓመት ሆነ! ዛሬ ለቪዛ ቀጠሮ አንድ ቀን ብንዘገይ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

አበበ ቢቂላ በዚያው ሐውልት ሥር በባዶ እግሩ አልፎ ነው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ላይ የገባው። ቀኑ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር። ከአደባባዩ እስከ ቅስቱ በእግር አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። አንዱ ጓደኛችን ለሚዜው በቪዲዮ ደወለለትና መንገዱን እያሳየው ሄድን። «ካሜራውን ወደ መሬት አድርገው፣ የረገጠውን ድንጋይ ልየው» አለ። ከስድስታችን ይልቅ የሮምን ጉዞ በደንብ ያየው እሱ ነው ብል አላጋነንኩም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ገደብ ጥሏል። የማመልከቻ መመርመሪያ ጊዜው ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ቀረ፤ ማስረጃ ማቅለል ቀረ፤ የዲፕሎማትና የሰርቪስ ፓስፖርት ያዢዎች ከክፍያ ነፃ መሆናቸውም ቀረ። ምክንያቱ ያለ ፈቃድ አውሮፓ ውስጥ የሚኖሩ ዜጎቹን በመመለስ ረገድ የኢትዮጵያ መንግሥት በበቂ አልተባበረም የሚል ነው። ክርክሩ በመንግሥታት መካከል ነው። ዋጋውን የሚከፍሉት ግን ሚዜው፣ የልጃቸውን ሠርግ ማየት የሚፈልጉ እናት፣ ለአንድ ጉባኤ የተጠራ ተመራማሪ ናቸው። መንግሥትን በዜጋው ሠርግ መቅጣት ምን ዓይነት ዲፕሎማሲ እንደሆነ አይገባኝም። ጣሊያናዊው በበኩሉ ላሊበላን ማየት ከፈለገ ከሶፋው ሳይነሳ በኢንተርኔት ኢ-ቪዛ ይጠይቃል።

አውቃለሁ፣ «ሠርግ ብሎ ገብቶ የቀረውስ?» የሚል አይጠፋም። አለ፤ በየሰፈራችን የምናውቀው ነው፣ መካድ አያስፈልግም። እሱ በቀረ ቁጥር ከኋላው ያለው ሚዜ ይጠረጠራል። ይሁን እንጂ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጅ ያለውን ሰው ሌላ ሰው በሠራው መመዘን ፍርድ አይባልም። የአንድ ሰው ማመልከቻ በራሱ ማስረጃ ነው መታየት ያለበት። የባንክ መግለጫ፣ የ30 ሺህ ዩሮ ሽፋን ያለው የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የጥሪ ደብዳቤ፣ 90 ዩሮ የሚያስከፍሉት ለዚያ ከሆነ ማለቴ ነው።

የእኛ መንግሥትም ዝምታውን ቢተው ጥሩ ነው። ስለ ተመላሾች የሚደራደረውን ይደራደር፤ ግን ገደቡ የት ደረሰ፣ ምን ተጠየቀ፣ ምን ተመለሰ የሚለውን ዜጋው ከአውሮፓውያን መግለጫ ብቻ መስማት የለበትም።

ለምታገቡ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። አዳራሽ ከመያዛችሁ በፊት ያለ እነሱ ሠርጉ ሠርግ የማይሆንባችሁን ሰዎች ስም ጻፉ። ከመካከላቸው የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ካለ ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር በፊት መግባት ይችላልና ቀኑን ከዚያ ቆጥራችሁ ቁረጡ። ካልሆነም ሠርጉን አዲስ አበባ አድርጉት። የእኛ ሙሽራ የሚዜውን ቦታ ለታናሽ ወንድሙ ሰጠው፤ ልጁም ጥሩ አድርጎ ሠራው። የአንደኛ ሚዜው ሱፍ ግን ሮም ድረስ በአንዳችን ሻንጣ መጥቶ ነበር፣ ከእነ ላስቲኩ ተመለሰ።