ሽፍታው ካሳ የትኛው ሳጥን ውስጥ ይገባል?

«ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በሚባለው የአሜሪካ ምናባዊ ጨዋታ ተጫዋቹ ገና ሳይጀምር የገፀ ባሕርዩን ምግባር ይመርጣል። በ1978 እ.ኤ.አ. ሳጥኖቹ ዘጠኝ ሆኑ። የሚወጡትም ከሁለት ጥያቄዎች ነው፦ ሕግ አክባሪ ነው ወይስ እምቢ ባይ? ደግ ነው ወይስ ክፉ? መሐል ሰፋሪም ይፈቀዳል።

የልጅ ጨዋታ ብላችሁ አትናቁት። እኛ ሁለቱን ጥያቄዎች መለየት አቅቶናል። የመንግሥት ደጋፊው «ሸፍቷልና ክፉ ነው» ይላል፤ ተቃዋሚው «ሸፍቷልና ደግ ነው» ይላል።

የሸሕዲ ጎረቤት ቋራ ያበቀለችውን ካሳ ኃይሉን እንይ። በዚሁ ቆላ ሸፍቶ ነጋዴ ዘረፈ፤ ከዘረፈውም ለገበሬ አካፈለ ይባላል። በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ ራሱ ሕግ ሆነ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠለ። አንድ ሰው፣ ስንት ሳጥን?

ጨዋታው መልስ አለው። በ1979ኙ የዳኛ መመሪያ መሠረት፣ የገፀ ባሕርዩ ሥራ ከመረጠው ምግባር ከራቀ ዳኛው ሳጥኑን ይቀይርበታል፤ ደረጃውንም ይቀንስበታል።

እኛ ዘንድ ግን አንዴ «ጀግና» የተባለ ጀግና ነው። በመተማ መንገድ ሰው ታገተ ሲባል ቀድመን የምንጠይቀው «አጋቹ የማን ወገን ነው?» ብለን ነው። የእኛ ከሆነ ዝም፣ የእነሱ ከሆነ እሪ! ከብቱን ሸጦ የማስለቀቂያ ብር ለሚከፍል አባት የአጋቹ ዓላማ ምኑ ነው?

ወታደርም ይሁን ታጣቂ፣ ስም በሥራ ይሰጥ፤ በሥራም ይነጠቅ።