በተዘጋ ገበያ የተሸጠ ድምፅ

ኤፕሪል 20 ቀን 2020፤ ኢየሩሳሌም። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መኻል ከተማው ጭር ብሏል። ዓርብ ዓርብ ሰው ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ የሚገበያይበት የመሐኔ የሁዳ ገበያ ተዘግቷል። በያፎ መንገድ ግራና ቀኝ የሱቆቹ መዝጊያ እስከ መሬት ወርዷል። ከአንድ ቀን በፊት የኦርቶዶክሳውያን ፋሲካ ነበር፤ የጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ግን ለምእመናን እንደተዘጋ በዓሉ አለፈ። እስራኤላውያን ነገሩን «ሴገር» ይሉታል፤ መዘጋት ማለት ነው። ሰው ያለ በቂ ምክንያት ከደጃፉ ከ100 ሜትር በላይ እንዳይርቅ ታዞ ነው ሳምንታት የከረመው።

በዚያው ቀን ቤንያሚን ኔታንያሁና ቤኒ ጋንትዝ አንድ ወረቀት ላይ ፈረሙ፤ አብረው መንግሥት ሊመሠርቱ።

ጋንትዝ ማን ናቸው? «ካሆል ላቫን» (ሰማያዊና ነጭ) የተባለውን ስብስብ ይዘው ሦስት ምርጫ በተከታታይ የተወዳደሩት ሰው ናቸው። ለመራጩ የሸጡት አንድ ትልቅ ቃል ነበራቸው፦ በሙስና ከተከሰሰ ጠቅላይ ሚኒስትር ሥር አልገባም። ኔታንያሁ ክሱን ያስተባብላሉ፤ ያ የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ነው። የጋንትዝ ቃል ግን የመራጩ ጉዳይ ነበር። በዚያ ቃል ማርች 2 በተደረገው ምርጫ 33 ወንበር አገኙ። ከምርጫው እስከ ፊርማው ያለው ጊዜ ሰባት ሳምንት ብቻ ነው።

ምክንያቱ ምን ተባለ? ኮሮና። አገር ከፓርቲ ይበልጣል ተባለ። ቤት ሲቃጠል ከጎረቤት ጋር ተጋግዞ ማጥፋት እንጂ መጣላት አያስፈልግም ተባለ። መልካም ንግግር ነው። ችግሩ እሳት የሚያጠፋ ሰው ባልዲ ይጠይቃል እንጂ ወንበር አይጠይቅም።

ጋንትዝ ብቻቸውን አልነበሩም። የሠራተኛ ፓርቲው መሪ አሚር ፔሬትዝ በ2019 ከኔታንያሁ ጋር እንደማይቀመጡ ሕዝቡ ከከንፈራቸው እንዲያነብ ብለው በቴሌቪዥን የታወቁበትን ጢማቸውን ተላጭተው ነበር። ጢሙ ተላጨ፤ ቃሉም አብሮ ተላጨ። በሜይ 2020 በኔታንያሁ መንግሥት የኢኮኖሚ ሚኒስትር ሆኑ። የፓርቲያቸው የምርጫ ወረቀት ላይ የሚጻፉት ሦስት ፊደላት በዕብራይስጥ ሲነበቡ «ኤሜት» ይላሉ፤ እውነት ማለት ነው። መራጩ በፖስታ አድርጎ ሳጥን ውስጥ የከተተው ያንን ቃል ነው። በዚያው ወረቀት የተመረጡት የጌሸር መሪ ኦርሊ ሌቪ-አቤካሲስም ከግራ ዘመሞቹ ጋር ተጣምረው ገብተው፣ ወጥተው ሚኒስትር ሆኑ። በሚቀጥለው ምርጫ በሊኩድ ዝርዝር ላይ ተገኙ።

አሁን ወደ ቤተ እስራኤል እንምጣ፤ ይህ ታሪክ በአማርኛ መነገር ያለበት በእነሱ ምክንያት ነውና።

ጋዲ ይባርካን የኢትዮጵያውያኑን የእኩልነት ትግል ሲመሩ ቆይተው በካሆል ላቫን ዝርዝር ክኔሴት የገቡ ሰው ናቸው። በጃንዋሪ 2020 ወደ ሊኩድ ተሻገሩ። ከምርጫው በኋላ የሕዝብ ደኅንነት ምክትል ሚኒስትር ሆኑ፤ የፖሊስ አዛዡ መሥሪያ ቤት ማለት ነው። ፕኒና ታማኖ-ሻታ ደግሞ ጎንደር አካባቢ ተወልደው በሦስት ዓመታቸው በሙሴ ዘመቻ የመጡ፣ ያደጉበት ፓርቲ የያኢር ላፒድ የሽ አቲድ ነው። ካሆል ላቫን ለሁለት ሲሰነጠቅ ላፒድ ተቃዋሚ ሆነው ቀሩ፤ እሳቸው ከጋንትዝ ጋር ሄዱ። ኢትዮጵያ ተወልዶ በእስራኤል ሚኒስትር የሆነ የመጀመሪያው ሰው ሆኑ።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ሁለት መሻገሮች አንድ አይደሉም። ይባርካን የተሻገሩት ከምርጫው በፊት ነው። የተቀየመ መራጭ ማርች 2 ቀን ካርዱን ይዞ መልስ ሊሰጣቸው ይችል ነበር። የሌሎቹ መሻገር ግን ሳጥኑ ከታሸገ፣ ድምፁ ከተቆጠረ፣ መራጩም ቤቱ ከተዘጋበት በኋላ ነው። አንደኛው ሊወቀስ ይችላል። ሁለተኛው ግን በመራጩ ስም የተገኘን ንብረት ባለቤቱ በሌለበት መሸጥ ነው።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገሬው ሰው። በዚያ ጸደይ ባለቤቱ የት ነበር? ቤቱ ተቀምጦ ነበር። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ሥራ አጥ ሆኖ ተመዝግቦ ነበር፤ አብዛኛው «ኻላት» በሚሉት ያለ ደመወዝ ፈቃድ። ቢሮ ከሌለ ቢሮ የምታጸዳ እናት ሥራ የላትም። ካፌ ከተዘጋ በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሽ ጥበቃ ሥራ የለውም። መኻል ከተማ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚራቡት ሌሊት ተነሥተው በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ መኻል ከተማ የሚገቡት ናቸው። በኤፕሪል መጨረሻ ኢኬያ ተከፍቶ ሰው ሲሰለፍ፣ የመሐኔ የሁዳ ነጋዴ እስከ ሜይ 7 እንደተዘጋበት ነበር። የነጋዴው በር በሕግ ሲዘጋ የፖለቲከኛው በር ግን በሁለቱም በኩል ክፍት ነበር።

ሰልፍ በሕግ አልተከለከለም ነበር፤ ይህ እውነት ነው። በኤፕሪል 19 ቴል አቪቭ፣ ራቢን አደባባይ፣ ሰዎች ሁለት ሜትር ሁለት ሜትር ተራርቀው ቆመው ተቃውመዋል። ለታሪክ የሚቀር ፎቶ ሆኗል። ነገር ግን በሁለት ሜትር ርቀት የቆመ ሕዝብ ሚኒስትር አያስደነግጥም። ቤተ እስራኤሎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ክኔሴት ውስጥ የነበራቸው ወንበር ሁልጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው። የሚሰሙት መንገድ ሲዘጉ ነበር። በ2015 አንድ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ መንገድ ዘጉ፤ አገር ሰማ። በ2019 በኪርያት ሐይም አንድ ወጣት በፖሊስ ጥይት ሲገደል መንገድ ዘጉ፤ አገር ቆመ። በ2020 ግን መንገዱን መንግሥት ራሱ ቀድሞ ዘጋው። ዋና መሣሪያቸው በወረርሽኙ በተነጠቀበት ዓመት የቀራቸው ያ ለፓርቲ የሰጡት ወረቀት ብቻ ነበር። ያ ነው የተሻገረው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ መልስ አለ፤ በአግባቡ መሰማት አለበት። ታማኖ-ሻታ ሚኒስትር ባይሆኑ «ጹር እስራኤል» የተባለው ዘመቻ ይሳካ ነበርን? በዲሴምበር 3 ቀን 2020 ሚኒስትሯ ራሳቸው ኢትዮጵያ ሄደው ይዘዋቸው የመጡ 316 ሰዎች አየር ማረፊያው ላይ መሬቱን ሳሙ። በጥቂት ወራት ውስጥ 2,000 ገደማ ሰዎች ገቡ። ጎንደርና አዲስ አበባ ዓመታት የጠበቀች እናት ልጇን አቀፈች። ይህን አይቶ «የፓርቲ ታማኝነት» ብሎ የሚሰብክ ሰው ልብ የለውም ይባላል።

ደስታው እውነት ነው፤ ማንም አይቀማቸውም። ሚኒስትሯም ሥራቸውን መሥራታቸው አይካድም። ግን የቤተሰቡ መገናኘት የማን ዕዳ ነበር? የእስራኤል መንግሥት በኖቬምበር 2015 ራሱ ወስኖ፣ የቀሩትን 9,000 ገደማ ሰዎች በአምስት ዓመት ውስጥ አመጣለሁ ብሎ ነበር። አምስቱ ዓመት ያለቀው ልክ በኖቬምበር 2020 ነው። ስለዚህ በዲሴምበር የመጡት ሰዎች የመሻገር ትርፍ አይደሉም፤ ቀኑ ያለፈበት ዕዳ በከፊል መከፈል ነው። አንድ ማኅበረሰብ የገዛ መብቱን ለማግኘት «እንደራሴያችሁ ከእኛ ጋር ይሰለፍ» ከተባለ ይህ ውለታ አይደለም። ዛሬ ያመሰገነ ነገ ለሚቀረው ዘመዱ ሌላ ሰው ማሻገር ሊኖርበት ነው። መብት በወንበር የሚለወጥ ከሆነ ወንበር የሌለው መብት የለውም ማለት ነው።

ሌላው መልስ ይህ ነው፦ ፓርቲ ታቦት አይደለም፤ ሰው ሕሊናው ካልፈቀደ መውጣት ይችላል። ትክክል! ፓርቲን አለመታዘዝ በራሱ ኃጢአት አይደለም። እንዲያውም በዚያ ዓመት የታመኑት ለፓርቲያቸው ያልታዘዙት ናቸው። የሠራተኛ ፓርቲዋ ሜራቭ ሚኻኤሊ መሪዋ ፔሬትዝ ወደ መንግሥት ሲገቡ አልገባም ብለው ብቻቸውን ቀሩ። ሥልጣን አላገኙም። ለመሪያቸው አልታዘዙም፤ ለወረቀቱ ግን ታመኑ። የካሆል ላቫኑ የቱሪዝም ሚኒስትር አሳፍ ዛሚር ሌላ ምሳሌ ናቸው። ሁለተኛው ሴገር መጣ። በዚያ ክረምት በየቅዳሜው ማታ በባልፎር መንገድ፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤት ደጃፍ፣ ሰው ይሰበሰብ ነበርና ሴፕቴምበር 30 ሰው ከቤቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ርቆ እንዳይሰለፍ ሕግ ወጣ። ዛሚር በሁለተኛው ቀን ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

መለኪያው ቀላል ነው። ሕሊና ሲወጣ ባዶ እጁን ይወጣል። ሲወጣ ሹመት ይዞ ከተገኘ ስሙ ሌላ ነው፤ ተገልባጭ ይባላል።

አስቸኳይ ጊዜ ከሆነስ? ጋንትዝ ለኮሮና ሕጎች ከተቃዋሚ ወንበር ሆነው ድምፅ መስጠት ይችሉ ነበር። ለስድስት ወር ብቻ፣ ያለ ሹመት፣ በግልጽ ዝርዝር መደገፍ ይችሉ ነበር። የተደረገው ሌላ ነው። ሜይ 17 ቃለ መሐላ የፈጸመው መንግሥት ከ30 በላይ ሚኒስትሮች ነበሩት፤ በአገሪቱ ታሪክ ትልቁ። ከዚያ በፊት የማይታወቅ «ተለዋጭ ጠቅላይ ሚኒስትር» የሚባል ማዕረግ በሕግ ተፈጠረ። ኻላት ላይ ያለች እናት አበል ስትጠብቅ፣ አዲስ ሚኒስትር መሥሪያ ቤት፣ አዲስ መኪና፣ አዲስ ጠባቂ ይፈለግ ጀመር። ለመሆኑ ቫይረሱን ለመዋጋት ያን ያህል ወንበር ምን ያደርጋል?

ውጤቱስ? ጋንትዝ በኖቬምበር 2021 ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናሉ ተብሎ ነበር። ያች ቀን አልመጣችም። በዲሴምበር 2020 በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ ክኔሴት ተበተነ። «በወረርሽኝ መኻል ምርጫ አይደረግም» ተብሎ የተሻገሩት ሰዎች በወረርሽኝ መኻል፣ ማርች 23 ቀን 2021፣ አራተኛ ምርጫ ገቡ። ከ33ቱ ወንበር ለጋንትዝ የቀረው 8 ነው። ከሁለት ያጣ ሆኑ። ለብቻቸው የቀሩት ሚኻኤሊ ግን የፓርቲውን መሪነት ይዘው፣ ብዙ ሰው አብቅቶለታል ያለውን የሠራተኛ ፓርቲ 7 ወንበር አሰጡት። መራጭ ይረሳል የሚሉ ተሳስተዋል።

ታዲያ መራጩ ከቀጣ ምን ቀረ? ሕጉ ቀረ። እስራኤል በ1990 ከደረሰባት የመሻገር ቅሌት በኋላ በ1991 ሕግ አውጥታለች። ከፓርቲው ያፈነገጠና ወንበሩን ያልመለሰ እንደራሴ በዚያ ክኔሴት ዘመን ሚኒስትር አይሆንም፤ በሚቀጥለው ምርጫም ክኔሴት ውስጥ ባለ ፓርቲ ስም አይወዳደርም። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ቀዳዳ አለው፦ ከቡድኑ ሲሶው አብሮ ከወጣ፣ ወይም ተጣምረው የገቡ ፓርቲዎች ወደየመጡበት ከተበተኑ ቅጣት የለም። ብቻውን የሸሸ ይቀጣል፤ ሲሶውን አስከትሎ የሸሸ ይሾማል። አንድ በግ የሰረቀ ሌባ፣ መንጋውን የነዳ ጌታ እንደማለት ነው።

ቀዳዳው መዘጋት አለበት። የሚያስፈልገው አንድ አንቀጽ ነው፦ ብቻውንም ይሁን በቡድን፣ ለመራጩ ከገባው የጽሑፍ ቃል ተቃራኒ ወደሆነ መንግሥት የሚገባ እንደራሴ መግባት ይችላል፤ ሹመት ግን በዚያ ክኔሴት ዘመን አያገኝም። አገር ለማዳን ከሆነ የገባው ያድን፤ ሹመት ሳይቀበል ያድን። በአስቸኳይ ጊዜ ደግሞ ይህ አንቀጽ ይጠብቅ እንጂ አይላላ። ሕዝብ ቤቱ ሲዘጋ የሚጠብቅለት ሕጉ ብቻ ነውና።

ቤተ እስራኤሎችም በሚቀጥለው ጊዜ ድምፅ ሊጠይቅ ለሚመጣ ሁሉ፣ የራሳቸው ልጅም ቢሆን፣ አንድ ጥያቄ ያቅርቡለት፦ «መንገዱ በተዘጋብን ቀን የሰጠንህን ወረቀት ማን ዘንድ ታውለዋለህ?» መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። መሐኔ የሁዳ ዛሬ ተከፍቷል፤ ሰውም እንደ ድሮው ይጋፋል። መጠየቂያው ጊዜ ገበያው ክፍት ሳለ ነው።